ወደ መሙያ የምታመለክተው መርፌ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ዕለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለው ጋራዥ። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ግቢው ጭቃ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የተሰጠኝን ዲፕሎማ በካኪ ፖስታ ይዤ መጥቼ ነበር። ማንም አሳዪኝ አላለኝም፤ እኔም የት እንደማስቀምጠው ግራ ገብቶኝ ብብቴ ሥር እንደያዝኩት ቆምኩ።

የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ደምሴ ሥራውን የለመዱት አሥመራ፣ ከጣሊያን መካኒኮች ሥር ነው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ።

«ኤሌክትሪክ ተምራለች ብለውኛል።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«የቤቱን ነው የመኪናውን?»

ሁለቱም አንድ ነው ልል አስቤ አፈርኩ። «ይበልጥ የቤቱን» አልኩ።

«የመኪናው ይንቀጠቀጣል። ልዩነቱ እሱ ነው። ግቢ» አሉኝ።

ከእኔ በፊት የነበረው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወደ ባሕር ዳር ሄዷል። ቱታው ግን ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበርና እሱን ሰጡኝ። እጅጌውንም እግሩንም ጠቀለልኩት፤ ሳጎነብስ እየተፈታ ዘይት ውስጥ ይነከር ነበር። የራሴ ቱታ ይሰፋልኝ እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ጋሽ ደምሴ ራሳቸው አነሡት። «እስከ መስቀል እናይሻለን። ከቆየሽ ይሰፋልሻል። ካልቆየሽ ጨርቁ ይባክናል።»

ካልቆየሁ የት እንደምሄድ የታወቀ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ከመስከረም ጀምሮ ፊዚክስ እንዳስተምር ለእናቴ ነግረዋታል። እናቴ ደስ ብሏታል። እኔ ግን ከስድሳ ተማሪ ፊት ቆሞ ከመናገር ከአንድ ሞተር ፊት ዝም ብሎ መቆም ይሻለኝ ነበር። ጋራዡን የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። ሞተር ዓይን ዓይኔን አያየኝም ብዬ።

የጋራዡን ደንብ ያስተማረኝ ዋናው መካኒክ ይልማ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ዲግሪ» የሚል ስም አወጣልኝ፤ ዲፕሎማው ዲፕሎማ መሆኑን ብነግረውም አልተወውም። «ስሚ፣ ዲግሪ» አለኝ። «መኪና ሲገባ በመጀመሪያ ባትሪው ይወጣል። ወጥቶ ጓሮ ካለው ቻርጀር ላይ ይቀመጣል። እሱ የእኔ ሥራ ነው። ሽቦ ስትነካኪ ብልጭ ብሎ ጋራዡን እንዳታነጂው።»

«እሺ። ባለ መኪናውስ?»

«ባለ መኪናው ባሕር ዛፉ ሥር አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ወደ ውስጥ አይገባም። ከገባ አስተያየት ያበዛል። ሲያልቅ ጋሽ ደምሴ ቁልፉን ይሰጡታል፣ ይሄዳል። አንቺ ከሱ ጋር ምንም ጉዳይ የለሽም።»

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ለእኔ የተሠራ ደንብ መሰለኝ።

ግራዝማች አላምረው የመጡት ሐምሌ ውስጥ ነው። ሮብ ገበያ ሱቅ አላቸው፤ ከጮቄ ተራራ ሥር ካሉት መንደሮች ሁሉ መኪና ያለው የሳቸው ቤት ብቻ ነበር። መኪናቸው የእንግሊዝ ሥሪት አሮጌ ጂፕ ነው። ድንችና ገብስ ይጫንበታል፣ ምጥ የጠናባት ሴትም ወደ ሆስፒታል ትወርድበታለች። ሹፌር የላቸውም፤ የሚነዱት ራሳቸው ናቸው።

ችግራቸውን ለጋሽ ደምሴ ሲነግሩ በሩ ጥግ ሆኜ ሰማሁ። «መብራቱ ነው። ጉም ሲወርድ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ቀስ ስል መብራቱ ይደክማል። ሲደክም ደግሞ ይበልጥ ቀስ እላለሁ። ባለፈው አንዲት ወላድ ጭኜ ባሏ የእጅ ባትሪ ይዞ ከፊቴ በእግሩ እየመራኝ ነው የደረስነው።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ባትሪውን የሚሞላው የአሮጌ መኪና ዲናሞ ሞተሩ በፍጥነት ካልዞረ አይሞላም። በአዲሶቹ መኪኖች የዲናሞን ቦታ የያዘው ኦልተርኔተር ግን መኪናው ቆሞ ሞተሩ እያንጎራጎረ እንኳ ይሞላል። መጋዘናችን ውስጥ፣ ወደ አማኑኤል መንገድ ላይ ከተገለበጠ አዲስ የጭነት መኪና የተነቀለ ኦልተርኔተር አቧራ ጠጥቶ ተቀምጦ ነበር። እሱን ብናስገባላቸው መብራታቸው አይደክምም።

ይህን ለጋሽ ደምሴ ለመንገር እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀብኝ። ሰምተው ሲያበቁ «ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«በሥዕል።»

ይልማ ሳቀ። ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቁም። «ሥዕሉን አምጪው» አሉ።

ሥራው ይህን ይመስል ነበር። በነዚያ አሮጌ የእንግሊዝ መኪኖች የባትሪው ፕላስ የሚታሰረው ከመኪናው ቦዲ ጋር ነው። ኦልተርኔተሩ ደግሞ በተቃራኒው ማይነሱ ከቦዲው ጋር እንዲሆን ይፈልጋል። ስለዚህ ባትሪውን ገለበጥኩት፤ ማለትም ሁለቱን ማሰሪያዎች አለዋወጥኩ። የማቀጣጠያውን ኮይል ሁለት ሽቦዎች አቀያየርኩ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የአምፔር መርፌ ሽቦዎችም አቀያየርኩ፤ አለዚያ ሲሞላ ጎደለ፣ ሲጎድል ሞላ ይላል። ዲናሞውን ከባትሪው የሚቆርጠውን ካታውት አወጣሁ፣ ከኦልተርኔተሩ እስከ ባትሪው ወፍራም ሽቦ ዘረጋሁ። ኦልተርኔተሩን የሚይዘውን ብረት ይልማ በየደልኝ፣ የሚያዞረውን ቺንጋም እሱ ወጠረው።

ባትሪውን ስመልስ ሁለት ነገር አየሁ። ፕላሱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። የማርያም ክር መሰለኝ፤ መንገዱ ክፉ ስለሆነ ይሆናል ብዬ አልነካሁትም። የባትሪው ሁለት ጫፎች ደግሞ በጣም ተልጠው እኩል ቀጥነዋል። ከፋብሪካ ሲወጣ ፕላሱ ወፈር ይላልና ማሰሪያዎቹ አይለዋወጡም፤ እዚህ ግን የትኛውም ማሰሪያ በየትኛውም ጫፍ ይገባ ነበር። አሮጌ ነው አልኩ።

ሞተሩ ተነሣ። መብራቱን አበራሁት፣ ነዳጅ ሳይሰጠው ቆሞ እንኳ ግድግዳው ላይ ነጭ ሆኖ ወደቀ። መርፌዋ ወደ ፕላስ፣ ማለትም ወደ መሙያው፣ ዘንበል አለች። ጋሽ ደምሴ ቁልፉን ወስደው ባሕር ዛፉ ሥር ለግራዝማች ሰጧቸው። «ተሠርቷል» አሉ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ግራዝማች በሩቁ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡኝ፤ እኔም ዝቅ አልኩ። ከዚያ ሌላ አልተነጋገርንም።

ሳምንት ሳይሞላ ተመለሱ። ይልማ እንደ ደንቡ ባትሪውን አውጥቶ ወደ ጓሮ ወስዶታል። ግራዝማች አግዳሚው ላይ ሆነው ለጋሽ ደምሴ ሲናገሩ ሰማሁ።

«ወደ ቤቴ ስወጣ ብርሃኑ እንደ ቀን ነበር። ሰው ሁሉ ወጥቶ አየኝ። በማግስቱ ግን ሞተ። የሚገርመው ደግሞ መርፌዋ ናት። መብራቱ እየደከመ እሷ ይሞላል፣ ይሞላል ትላለች።»

ኦልተርኔተሩን ፈታሁት። ጅረቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ዳዮዶች ተቃጥለዋል። ወፍራሙ ሽቦም ልባሱ ጠቁሯል። ሌላ ባትሪ አስገብቼ መርፌዋን ሞከርኳት፤ መብራት ሳበራ በትክክል ወደ ማይነስ ሄደች። እና ግራዝማች ምን አይተው ነው ይሞላል ያሉት? ዓይናቸው ደክሞ ይሆናል አልኩ። ሄጄ ልጠይቃቸው ሁለት እርምጃ ተራምጄ ነበር። ከጎናቸው ሌሎች ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ተመለስኩ።

ሽቦው ቀጥኖ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጋሽ ደምሴ ሌላ ኦልተርኔተር ከአዲስ አበባ አስመጡ፤ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ በጆንያ ተጠቅልሎ መጣ። እጥፍ የሚወፍር ሽቦ ዘረጋሁ። ጭቃ እንዳይረጨው የቆርቆሮ መከለያ አሠራሁለት። ሞከርነው፣ ሠራ። ግራዝማች ወሰዱት።

እሱም ሞተ። ደግሞም በዚያው መንገድ፤ ሲወጣ ደህና፣ በማግስቱ ሙት።

በዚያ ቀን ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ወደ ሥራ ጠረጴዛዬ መጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ሦስተኛ አልገዛም። ግራዝማች ዐሥር ዓመት የጋራዡ ደንበኛ ናቸው። ያለሽን ሞክሪ። አሁንም ከተቃጠለ ዲናሞው ይመለስላቸዋል። አንቺም ዳይሬክተሩን አታስጠብቂ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«ተቆጥቼሽ አይደለም።»

«ዐውቃለሁ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጣ ቢሆን ምን እንዳጠፋሁ ይነግረኝ ነበር። እኔ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። ሥዕሉን ዘርግቼ እያንዳንዱን ሽቦ በጣቴ ተከተልኩት። ትክክል ነው። ገልብጬ ተከተልኩት፤ አሁንም ትክክል ነው። ብርዱ ነው እንዴ? ሮብ ገበያ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ግን ብርድ ዳዮድ አያቃጥልም፤ እንዲያውም ሙቀት ነው የሚጎዳው። ጭቃው? መከለያው ደረቅ ነበር። ቺንጋው? ልኩ ነበር። ማታ ደህና የነበረ ነገር ማንም ሳይነካው አድሮ እንዴት ጠዋት ይሞታል? ሽቦ ይተኛል? እንዲህ እስከማሰብ ደርሼ ነበር።

ይልማ አዘነልኝ መሰል የግራዝማችን ወሬ ይዞልኝ መጣ። «ጭስ ነበረው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው» አለ።

«ምን አሉ?»

«ጠዋት ጠዋት ትንሽ ብልጭ ማለት ልማዱ ነው አሉ። አሁን ከፋ እንጂ ዱሮም ይል ነበር አሉ።»

«ምኑ ነው ብልጭ የሚለው?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ? ዲግሪዋ አንቺ።»

ጠዋት ጠዋት ብልጭ የሚል ነገር ሥዕሌ ላይ አልነበረም። እንደገና ወደ በሩ ሄድኩ። ግራዝማች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የሚያነጋግሩኝ ቢሆን ብዬ ትንሽ ቆምኩ፤ አላዩኝም። ገባሁ።

ያን ጠዋት የሁለቱን ኦልተርኔተሮች ጤነኛ ዳዮዶች አንድ ላይ ሰብስቤ አንዱን አዳንኩት። ከማስገባቴ በፊት ግን መርፌዋን አሰብኳት። ግራዝማች ዐሥር ዓመት ያዩዋትን መርፌ ለምን ይስታሉ? ሁለት ጊዜም አንድ ዓይነት ነገር ነው የተናገሩት። እውነታቸውን ቢሆንስ? መብራቱ ባትሪውን እየጨረሰው መርፌዋ ወደ መሙያ የምታመለክተው መቼ ነው?

ኦልተርኔተሩ ገና ጠረጴዛዬ ላይ ነበርና ምንም የሚቃጠል ነገር አልነበረም። ባትሪውን አምጥቼ ሆን ብዬ ገልብጬ አሰርኩት፤ ፕላሱን ከቦዲው ጋር፣ እንደ ዱሮው። ሞተሩን አስነሣሁት፣ ተነሣ። መብራቱን አበራሁት፣ በራ። መርፌዋን አየኋት። ወደ መሙያ ታመለክታለች።

ግራዝማች ያዩት ይህንኑ ነው። ባትሪው ተገልብጦ ሞተሩም ይነሣል፣ መብራቱም ይበራል፤ የሚሞተው ኦልተርኔተሩ ብቻ ነው፤ እሱም ባትሪው ተገልብጦ በታሰረበት ቅጽበት። ስለዚህ አንድ ሰው ባትሪውን እየገለበጠው ነው።

ባትሪ የሚያወጣና የሚያገባ አንድ ሰው ብቻ ነበር የማውቀው።

«ይልማ» አልኩት። «የግራዝማችን ባትሪ ስታወጣ... ፕላሱ የት ነበር?»

ካቻቪቴውን አስቀመጠ። «አላየሁም። የማወጣው ላወጣው እንጂ ላጠናው አይደለም። ለምን?»

«ተገልብጦ ነበር ብዬ ነው።»

«ማን ገለበጠው?»

እጆቹን አየሁ።

«እኔ?» አለ። «እኔ ይልማ፣ ባትሪ ገልብጬ? ይኼን ቱታ ስለብስ አንቺ ሀሁ አልቆጠርሽም። ደግሞ መልሰሽ የምታስገቢው ራስሽ አይደለሽም?»

እውነቱን ነው። መልሼ የማስገባው እኔ ነበርኩ፤ ከግቢው ሲወጣ ትክክል ነበር። ይልማ በዚያ ቀን ከእኔ ጋር አልበላም። ሽሮውን ይዞ ጎማ ወደሚጠግነው ሰው ሄደ። እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ከግቢው ሲወጣ ትክክል ከሆነ፣ ሲመለስ ከተገለበጠ፣ የሚገለበጠው እላይ ነው፤ ሮብ ገበያ። እላይ ያለው ደግሞ ግራዝማችና ጉም ብቻ ነው። ግራዝማች ለምን ባትሪያቸውን ይገለብጣሉ? ምንም ሊገባኝ አልቻለም።

ጋሽ ደምሴን ከግራዝማች ጋር ሮብ ገበያ ወጥቼ ልየው አልኳቸው። ብዙ አሰቡ። ከዚያ አግዳሚው ድረስ ሄደው ለግራዝማች ነገሯቸው። ግራዝማች ወደ እናቴ ቤት ራሳቸው ሄደው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ጥሩነሽ ጋር እንደማድር አስታውቀው ፈቃድ ጠየቁ። የዳነውን ኦልተርኔተር አስገብቼ፣ ባትሪውን በትክክል አስሬ፣ ፒንሳዬን በቦርሳ ይዤ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

ከተማውን ትተን ዳገቱን ስንጀምር ጉሙ ወረደ። መብራቱን አበሩት። በአንደኛ ማርሽ እየተሳብን ብርሃኑ ቅንጣት አልደከመም፤ የመንገድ ዳር በጎች ዓይን ከሩቅ ሲያበራ ይታይ ነበር። መርፌዋ ወደ መሙያ፣ አሁን የእውነቷን።

«አየሽ?» አሉ ግራዝማች። «ስንወጣ ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ክፋቷ ጠዋት ነው።»

ሮብ ገበያ ስንደርስ ገና አልመሸም። ጂፑን ከቤቱ ደጃፍ አቆሙና ወረዱ። እኔም ወረድኩ። ግራዝማች ከኮታቸው ኪስ የብሎን መፍቻ ቁልፍ አወጡ። ኮፈኑን ከፈቱ። ሁለቱን ማሰሪያዎች ፈቱ። ባትሪውን በጠፍር ማንጠልጠያ አንሥተው እንደ ሕፃን ታቅፈው ወደ ቤት ገቡ።

ቆሜ ቀረሁ። ባዶውን የባትሪ ሳጥን አየሁት። ወዲያው ገባኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልገባኝም። በመጀመሪያ ያሰብኩት ሌባ ፈርተው ነው የሚል ነበር።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ከበሩ መጥተው እጄን ይዘው አስገቡኝ። ባትሪው ከምድጃው ፈንጠር ብሎ የእንጨት ዱካ ላይ፣ ከሥሩ ቁራጭ አጎዛ ተነጥፎለት ተቀምጧል። ግራዝማች ከግድግዳው ሬዲዮ የወረዱትን ሁለት ሽቦዎች እያሰሩበት ነበር፤ አንዱን ቀይ ክር ካለበት፣ ሌላውን ከባዶው።

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አሉኝ ወይዘሮ ጥሩነሽ። «እሱን አትይው። የቤቱ የበኩር ልጅ ባትሪው ነው። ከእሳት ዳር የሚተኛ እሱ፣ ከበሩ ዳር የምተኛ እኔ።»

«ብርድ ከመታው ጠዋት ሞተር አያስነሣም» አሉ ግራዝማች ሳይዞሩ።

«ሬዲዮውም ከሌለ እናንተ ሽማግሌዎቹ አትነሡም» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ።

ሬዲዮው ጮኸ። ጎረቤት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ዜና ሊጀምር ነው።

ወደ ወይዘሮ ጥሩነሽ ጆሮ ጠጋ ብዬ «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ?» አልኳቸው።

«መኪናው ከመጣ ጀምሮ። ዐሥር ዓመት ማታ ማታ ይወጣል፣ ጠዋት ጠዋት ይገባል። ምነው፣ ነውር አለው?»

«የለውም» አልኳቸው። ያኔ ነው ጫፎቹ ለምን እንደተላጡ፣ ጠዋት ጠዋት ብልጭ የሚለው ምን እንደሆነ የገባኝ። አሁኑኑ ልናገር አልኩ። ቤቱ ግን በሽማግሌ ተሞልቷል፣ ሁሉም ዝም ብለው ዜና ያዳምጣሉ። ጠዋት ከኮፈኑ ፊት እነግራቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩ፤ እነግራቸው እንደሆነ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ግራዝማች ባትሪውን ታቅፈው ሲወጡ ከጂፑ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጡት። ወደ ቦዲው የሚሄደውን ማሰሪያ አንሥተው ቀይ ክር ወዳለበት ጫፍ ወሰዱት።

«ግራዝማች፣ ይቆዩ።»

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

«ምነው?»

«እሱ ወደዚያ አይደለም።»

«ወደዚህ ነው እንጂ» አሉ በትዕግሥት። «ቀይ ክር ያለበት ከቦዲው፣ ባዶው ከሽቦው። መኪናውን የገዛሁ ዕለት ደምሴ ነው ያስተማረኝ። ክሩንም ያሰርኩት እንዳልስት ነው። አንድ ቀን ስቼ አላውቅም።»

«አሁን ተገልብጧል።»

«ማን ገለበጠው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«መጀመሪያ ያመጡት ቀን። አዲሱ ዕቃ እንደዚያ ስለሚፈልግ ነው።»

ማሰሪያውን ቀስ ብለው አወረዱት። አልተቆጡም። ግራ እንደገባው ሰው አዩኝ፤ እኔ ስንት ቀን ሥዕሌን እንዳየሁት።

«ታዲያ ለማን ነገርሽው?» አሉኝ።

ለይልማ ነግሬዋለሁ፤ ለጋሽ ደምሴ ሥዕሉን አሳይቻለሁ። ባትሪውን በየቀኑ ለሚያነሡት እጆች ግን አልነገርኩም።

ፒንሳዬን አወጣሁ። የቦዲውን ሽቦ ቆርጬ አሳጠርኩትና ማሰሪያውን ጫፉ ላይ መልሼ ገጠምኩት፤ አሁን ወደ ማይነሱ ብቻ ይደርሳል፣ ወደ ቀዩ ክር ቢጎትቱትም አይደርስም። ከዚያ ባትሪውን ራሳቸው እንዲያስሩት ለመንኳቸው። ቀዩን ከወፍራሙ ሽቦ፣ ባዶውን ከአጭሩ። አሰሩት። ብልጭታው እንደ ዱሮው ትንሽ ነበር። «ይፍቱት ሳትዪኝ ልፍታው» አሉ፤ ፈተው እንደገና አሰሩት፤ አጭሩን ወደ ቀዩ ክር ሊወስዱ ሞክረው እንደማይደርስ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከደጃፉ ሆነው «ሬዲዮውስ?» ብለው ጠየቁ።

«ሬዲዮው እንደ ነበረ ነው» አልኳቸው። «ማታ ማታ ያውጡት። የሚጠነቀቁት ሲመልሱት ብቻ ነው።»

ወደ ደብረ ማርቆስ ስንወርድ ጉሙ ገና አልተነሣም። መብራቱም መርፌዋም እንደ ማታው ነበሩ።

ጋሽ ደምሴ ከግቢው በር ጠበቁን። «ሞተ?» አሉ።

«አልሞተም።»

ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ «የቀዩን ነገር እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው» አሉ። ወደ ባሕር ዛፉ ተመለከቱ። ከዚያ «በጊዜ ወደ ልብስ ሰፊው ሂጂ። ልክሽን ይውሰድ። የጠቀለልሽው ቱታ አንድ ቀን ቺንጋ ውስጥ ይገባል» አሉኝ።

ይልማ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ራሱን አወጣ። «ታዲያ እኔን ስትጠረጥሪ ከረምሽ ማለት ነው፣ ዲግሪ።»

«አንተን ብቻ አይደለም። ብርዱንም ጭቃውንም ጠርጥሬያለሁ።»

«ከጭቃ ጋር ቆጠረችኝ» አለና ተመልሶ ገባ። በዚያ ቀን ምሳ አብሮኝ በላ።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። መኪና ከግቢው ከወጣ በኋላ የሚነካው ሰው አለ፤ ሥራው የሚያልቀው ለዚያ ሰው ሲነገረው ነው።

ይልማ ከሥሩ የሚሠራበት የጭነት መኪና ባለቤት ከደብረ ኤልያስ የመጡ ሰው ናቸው። አግዳሚው ላይ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። እጄን በጨርቅ ጠረግሁ። በሩን አልፌ ባሕር ዛፉ ድረስ ሄድኩና ዝቅ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ።

«እንደምን ዋሉ፣ አባባ» አልኳቸው። «ባትሪውን ማታ ማታ ያወጡታል?»

ሦስቱም ቀና ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ብርድ ላይ ላሳድረው?» አሉ ባለ መኪናው።

ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጥኩ።